ራውተሩ ፊት የተቀመጠ አደራ

ራዊያ ጌም ቤቷ ውስጥ ሁለት ነገር ከልክላለች፤ ስድብና ተኩስ። ስድቡን የከለከለችው እናቷ እማማ ኡሙሰልማ ከመጋረጃው ጀርባ ስለሚሰግዱ ነው። የተኩስ ጌሙን የከለከለችው ደግሞ፣ ያን ሁሉ ጦርነት በዓይኑ አይቶ አሁንም በስክሪን ተኩስ የሚያምረው የቆቦ ሰው ካለ ሐኪም ይየው ብላ ስለምታምን ነው። «ኳስ አለ፣ መኪና አለ፤ ሌላ ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ» ትላለች። ጎረምሳው ይስቃል እንጂ አይከራከራትም። የተከራከራትን ጆይስቲክ አንሥታ አጠገቡ ትቀመጥና በጎል ቀብራው ትነሣለች፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም።

ዘንድሮ መኸሩ ከገባ ወዲህ ግን ስድቡ ተመለሰ። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ይንደረደራል፤ ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ይቀራል፤ ስክሪኑ ሲነቃ ተጋጣሚው ኳሷን ይዞ የእሱ ግብ አፋፍ ላይ ቆሟል። በዚህ ጊዜ ሱብሃነላህ ብሎ የሚታገሥ ጎረምሳ ከተገኘ እሱ ጎረምሳ አይደለም፤ ሸህ ነው።

«ላግ! ላግ! ራዊያ፣ ኔትወርኩ ሞተ!» ይላል በድረዲን። በድረዲን ባጃጅ ነጂ ነው። ተሳፋሪ ሲጠፋ ባጃጁን ደጃፉ ላይ አቁሞ ይገባል፤ ድምፁን ግን ደጅ ትቶ አይገባም፤ ቤት ውስጥም አውራ ጎዳና ላይ እንዳለ ነው የሚጮኸው።

ራዊያ ወጣትነቷን የጨረሰችው ጅዳ ነው፤ ሰው ቤት። እዚያ በሞግዚትነት ያሳደገቻት ልጅ ኑሀ ትባላለች። ኑሀ እኅትም ወንድምም የላትም፤ ጌም ብቻዋን መጫወት አትወድም፤ እናትና አባቷ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ራዊያ ሳህኑን አጥባ፣ ምንጣፉን ጠርጋ፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከልጅቷ አጠገብ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ልጅቷን ደስ እንዲላት ብላ ትሸነፍላት ነበር። ኋላ ኑሀ «እያወቅሽ ነው የምትሸነፊልኝ» ብላ ስታለቅስ የምሯን መጫወት ጀመረች። ከዚያ ወዲያም ኑሀ ማልቀሷን አልተወችም፤ ምክንያቱ ብቻ ተለወጠ።

ራዊያ ወደ አገሯ ስትመለስ ኑሀ የራሷን ራውተር ከመሰኪያው ነቅላ ሰጠቻት። ተራ ራውተር አይደለም፤ ለጌም ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጥቁር፣ አንቴናዎቹ እንደ እግር ወደ ላይ የቆሙ፣ በስልክ ከፍተው የየትኛው አገር ሰርቨር ላይ መጫወት እንደሚፈልጉ የሚመርጡበት። ኑሀ ጅዳን መርጣ ነው የሰጠቻት። እማማ ኡሙሰልማ መጀመሪያ ሲያዩት «ይሄ የተገለበጠ በረሮ ምንድን ነው?» አሉ። የልጅቷን ፍቅር ሲሰሙ ግን በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አምጥተው አለበሱት፤ በሳቸው ቤት ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም።

ከጅዳ በተመለሰች በጥቂት ጊዜ ጦርነቱ መጣ። ራዊያ ሻንጣዋን ጥላ፣ ራውተሩን ብቻ በሻርፕ ጠቅልላ ይዛ፣ እናቷን ደግፋ ከቆቦ ወጣች። ሰው ሁሉ ወደ ሮቢት አቅጣጫ ይጎርፋል። መንገድ ላይ የእማማ ኡሙሰልማ ጉልበት እምቢ አለ። ጥላ ፈልገው ተቀመጡና «አንቺ ሂጂ፤ እኔን እዚሁ ተይኝ» አሉ። እናትና ልጅ እየተጨቃጨቁ ሳለ ግመል የሚስቡ ሰው ደረሱ። አያ አራጌ ነበሩ። ከየት ናችሁ፣ የማን ወገን ናችሁ፣ ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው አላሉም። ግመላቸውን አንበረከኩና «ይውጡ እናቴ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የአያ አራጌ ቤት ከሮቢት ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። ሚስታቸው እማማ ታንጉት እንግዶቹን ቤት ውስጥ አስተኝተው እነሱ ባልና ሚስቱ ደጅ፣ ከግርግሙ ሥር አደሩ። የራያ ቆላ ገበሬ ማሽላውን መሬት ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ነው የሚያኖረው፤ አፉን ይደፍነውና አፈር ያለብሰዋል፤ ቦታውን ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ የለም። በክፉ ቀን የጉድጓድን አፍ ለባዕድ ማሳየት ነፍስን ማሳየት ነው። አያ አራጌ ራዊያ ፊት ቆፍረው ከፈቱት። ነገሩ እስኪበርድ ሁሉም ከዚያው በሉ። ዶሮ የተገኘ ቀን እንኳ እማማ ታንጉት «እንግዶቼ ይብሉበት» ብለው ከማዶ ያለ ሙስሊም ጎረቤት ያስባርኩ ነበር። የኑሀ ራውተርም ከእማማ ታንጉት ወንፊት ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

ራዊያ ይህን አትረሳም። ጌም ቤቱን እንዴት ከፈትሽው ለሚላት ሁሉ «አላህ፣ ከዚያ አያ አራጌ፣ ከዚያ ኑሀ» ብላ ትመልሳለች። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ችግሩ ለአላህ ሶላት አለ፤ ለኑሀ የስልክ ሰላምታ አለ፤ ለአያ አራጌ ግን የሚመለስ ነገር ጠፋ። ስኳር ብትልክ ከስኳሩ የበለጠ ቅቤ ይመጣል። እማማ ታንጉት ቲማቲም ሲልኩ ዕቃውን በባዶው መመለስ ነውር ነው ብላ ዘይት ትልካለች፤ ዘይቱ ማር ሆኖ ይመለሳል። ውለታው እንደ ሊጥ ባቦኩት ቁጥር ይበልጥ ኩፍ ይላል።

ዘንድሮ ታዲያ ዝናቡ በጊዜው ገባ፤ በጊዜውም ወጣ። አንበጣ አልታየም። ደጋሊት የሚባለው ረጅሙ ማሽላ ከግመል ላይ የተቀመጠን ሰው እስኪሰውር አደገ። የመኸሩ አውድማ እንደተነሣ አያ አራጌ በገበያ ቀን ግመል ጭነው ራዊያ ደጃፍ መጡ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ እግዜር ሰጠን፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ተረፈ። ይችን አደራ አስቀምጪልኝ» አሉ።

ራዊያ እልል ማለት ቀራት። በስንት ዘመኑ አያ አራጌ አንድ ነገር ጠየቋት! ያላትን የመጨረሻ ጥሩ ቦታ ሰጠች፤ የውስጠኛውን ክፍል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ቆርቆሮው አያፈስም፤ በሩ ይቆለፋል። ጆንያዎቹን አያ አራጌ በራሳቸው እጅ፣ በሰፊው ግድግዳ በኩል እስከ ጣራው አቅራቢያ ደረደሯቸው። የእያንዳንዱ አፍ በቃጫ ገመድ፣ እሳቸው ብቻ በሚያውቁት አስተሳሰር ታስሯል። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ ነበረ፤ መደርደሪያው ላይ ዳንቴሉን የለበሰው ራውተር ነበረ፤ ከሱ ሥር ከውጭ የሚገባው የመስመር ሳጥን ነበረ። ሁሉም ከጆንያው ጀርባ ቀሩ። ራዊያ አልከፋትም። ራውተር ምን ይሆናል? በስልኳ አይደል የምታዘው!

አደራ ደግሞ አደራ ነው። ከተቀመጠበት አይነሣም፣ አይፈታም፣ ወዲህ ወዲያ አይባልም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ትቶት እንደ ሄደ ያገኘዋል። በቆቦ አደራ በላ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። ሌባን ቢያንስ አምኖ የሰጠው ሰው የለም።

ኔትወርኩ መድከም ሲጀምር ራዊያ ከጆንያው በቀር ሁሉንም ጠረጠረች። ማጥፋት ማብራት የሁሉ ሕክምና ነውና ቆጣሪው ጋ ሄዳ መብራቱን አጥፍታ አበራች፤ አልዳነም። ከደንበኞቹ አንዱ በስውር ፊልም እያወረደ ይሆናል ብላ የይለፍ ቃሉን ቀየረች፤ በድረዲን ተቀየመ፤ ኔትወርኩ ግን እንዳለ ነው። የመስመር ሠራተኞች ጠራች። መጥተው ደጅ ምሰሶው ላይ ለኩና «መስመርሽ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከቤት ውስጥ ነው» አሏት። ከቤት ውስጥ ያለው ራውተር ብቻ ነው። ስለዚህ ዘካሪያስ ጋ ደወለች።

ዘካሪያስ ከቆቦ ብዙ የማትርቀው የጎብዬ ከተማ ልጅ ነው። ተማሪ ሳለ በራዊያ ብዙ ጊዜ ተሸንፎ፣ አሁን ወልድያ የኔትወርክ ጥገና ይሠራል።

«ሰርቨርሽ የት ነው?» አላት።

«ጅዳ ነዋ።»

«ለምን ጅዳ?»

«ኑሀ ያለችው እዚያ አይደል እንዴ!»

ዘካሪያስ ሳቁን ሲውጥ በስልኩ ተሰማ። «ራዊዬ፣ ሰርቨር በዝምድና አይመረጥም።»

«ቅርብ ነው ብዬ ነው። ባሕሯን ከተሻገርክ ጅዳ ነው።»

«ዞብል ተራራ ከደጃፍሽ ይታይሻል አይደል? ወልድያ ግን አይታይሽም። እንግዳ ከሁለቱ ብትጠሪ ማን ቀድሞ ይደርሳል?»

«የወልድያው። አስፓልት አለዋ።»

«እንግዲህ ኢንተርኔትም አስፓልት በሄደበት ነው የሚሄደው። ለዓይን የቀረበውን ተይና መንገዱ የቀናውን ፈልጊ። እያንዳንዱን ምረጪና ፒንግ የሚለውን ቁጥር እዪ፤ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ቁጥሩ ያነሰልሽ እሱ ነው።»

ራዊያ ያን ዕለት ጠዋት ከወንበሯ ሳትነሣ ዓለምን ዞረች። ከጅዳ ዱባይ ሄደች፣ ከዱባይ ሙምባይ፣ ከሙምባይ ናይሮቢ። ናይሮቢ ጎረቤት ናት ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ እሷ እንዲያውም ባሰች። ፍራንክፈርት የምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ ዘመድም ወዳጅም የሌላት፣ ቁጥሯ ከሁሉ አነሰ። ራዊያ ጅዳን ትታ ፍራንክፈርትን ስትመርጥ ኑሀን የከዳች መሰላትና በድምፅ መልእክት ይቅርታ ጠየቀች። ኑሀ ከት ብላ ስቃ መለሰች፤ እሷ ራሷ የጨዋታ ጓደኞቿን ተከትላ ከጅዳ ሰርቨር ከወጣች ቆይታለች።

ለጥቂት ቀን ቤቱ ነፍስ ዘራ። ላጉ ቀነሰ፤ ስድቡም ቀነሰ። ግን አልጠፋም። ስክሪኑ ደህና ሲሄድ ሲሄድ ይቆይና ድንገት ይደርቃል። መናኸሪያው አጠገብ ደግሞ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል፤ ደንበኛው አንድ በአንድ ወደዚያ ይሾልክ ጀመር። ራዊያ ባዶ ወንበር ባየች ቁጥር የቀሩትን ደንበኞች ትቆጥራለች። ጌም ቤቱ ከተዘጋ የሚቀራት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ፓስፖርቷን አድሳ፣ እናቷን ለጎረቤት ትታ፣ ተመልሳ ሰው ቤት። እማማ ኡሙሰልማም ያውቁታል። አይናገሩትም እንጂ ከሶላታቸው በኋላ ዱዓቸው ረዝሟል።

ዘካሪያስ ወላጆቹን ሊጠይቅ ጎብዬ የመጣ ቀን ቆቦም ብቅ አለ። ስልኩን እንደ ችቦ ከፊቱ ይዞ ፍጥነቱን እየለካ ቤቱን ዞረው። ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ጆንያውና ግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት እጁን ሰደደ፤ የፍጥነቱ ቁጥር ወደ ላይ ወጣ። እጁን መልሶ ከጆንያው ወዲህ አመጣ፤ ቁጥሩ ወደቀ። ደጋገመው። የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ፣ በድረዲን የተቀመጠበት ወንበር ጋ ሲደርስ ቁጥሩ የለም ማለት ይቻላል።

«ተገኘ» አለ። «ኢንተርኔትሽን ማሽላ በልቶታል።»

በድረዲን በሳቅ ወደቀ። ራዊያ አልሳቀችም።

«የምሬን ነው። እህል ርጥበት አለው፤ የዋይፋይን ጉልበት ይመጠዋል። አንድ ጆንያ ቢሆን ባልከፋ፤ አንቺ ግንብ ነው የሠራሽበት። ራውተሩም ታፍኗል፤ በዚህ ሙቀት ዳንቴል ለብሶ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዴት ይሥራ? ጆንያውን ወደዚያኛው ጥግ እናዙረውና ራውተሩን እዚህ ፊት ለፊት ከፍ አድርገን እንስቀለው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።»

«አይነካም» አለች ራዊያ።

«ማዞር እኮ ነው ያልኩሽ!»

«አደራ ነው። አይነካም።»

«ባለቤቱን ጥሪያቸዋ።»

«ጠርቼ ምን ልበላቸው? እህልዎ አጨናነቀኝ? ዘካሪያስ፣ እነሱ ደጅ አድረው እኛን ቤት ሲያስተኙን ጠበበን ብለዋል? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ልመልስ?»

ዘካሪያስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ኔትወርክ ሲበላሽ መፍትሔው በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ይሉኝታ ሲያስር ግን የሚጠቅስበት ገጽ አልነበረውም። ራዊያ ሁለቱንም፣ እሱንም በድረዲንንም፣ ይህን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ አስማለቻቸው። በድረዲን ወላሂ አለ፤ ዘካሪያስም በማርያም አለ፤ ነገሩ በዚያው ሆድ ይፍጀው ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለራዊያ ከባድ ነበሩ። ፈውሱን እያወቁ መታመም ከበሽታውም ይከፋል። አያ አራጌ በስልክ «ቤቱ እንዴት ነው ልጄ?» ሲሏት «አልሀምዱሊላህ፣ ሙሉ ነው» ትላቸዋለች። አልዋሸችም፤ ሙሉ ነው፤ በማሽላ። ጠዋት ጠዋት ውስጠኛውን ክፍል ከፍታ ጆንያዎቹን ታያለች፤ ቋጠሮዎቹን በዓይኗ ትዳስሳለች፤ አይጥ እንዳልነካቸው አረጋግጣ ትቆልፋለች። ልትጠላቸው ትሞክርና ያ የጉድጓዱ ማሽላ፣ ያ በእማማ ታንጉት እጅ የተገነፋ ገንፎ ትዝ ይላትና እንደገና ታመሰግናለች። በመጨረሻ ዘካሪያስን ለፕሌስቴሽኖቹ ገዢ እንዲፈልግላት ለመነችው። ፓስፖርቷንም ከሣጥን አወጣች።

በገበያው ቀን አያ አራጌ መጡ። እንደ ልማዳቸው ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተቀብለው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ጌም ማየት ይወዳሉ። እውነተኛ ኳስ አለመሆኑን ያውቃሉ፤ ቢሆንም «ይሄ ዘጠኝ ቁጥሩ ዛሬም ሰነፈ» ብለው ይፈርዳሉ። ዛሬ ግን ከበድረዲን በቀር ሰው የለም።

«ሰዉ የት ገባ?» አሉ።

«የገበያ ቀን አይደል፤ ገበያ ነው» አለች ራዊያ።

«ቀድሞ በገበያ ቀን መቀመጫ አጥቼ አልነበር?»

«ያ መኸሩ ሳይገባ ነው፤ አሁን ሰው ሥራ ላይ ነው።»

ይህን ስትል በድረዲን ግብ ጠባቂውን አልፎ፣ ባዶ መረብ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ስክሪኑ ደረቀ። ሲነቃ ኳሷ የለችም። በድረዲን መሐላውን ረሳ፤ ሁሉንም ረሳ።

«ኧረ አባቴ! ሰዉን ያባረረው የእርስዎ ማሽላ አይደል እንዴ!»

ራዊያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አያ አራጌ የውሃውን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡና ተነሥተው ወደ ውስጠኛው ክፍል አመሩ። ራዊያ ተከትላ ከፈተችላቸው።

«ይቀልዳል ወላሂ… ልጅ ነው፣ አፉ አያርፍም…»

«ቀልድ ነው?»

«አዎ።»

«በእናትሽ ሞት በይኛ።»

እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተስቢህ ይቆጥራሉ። ራዊያ በእናቷ መማል አልቻለችም። ዓይኗን ከሲሚንቶው ሳታነሣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ራውተሩን፣ መናኸሪያው አጠገብ የተከፈተውን ቤት፣ ዘካሪያስ የለካውን፣ ፓስፖርቷን ሳይቀር።

አያ አራጌ ተቆጡ። ራዊያ ሲቆጡ አይታቸው አታውቅም፤ በዚያ በመከራው ጊዜ እንኳ። «ታዲያ ለኔ መናገር አቅቶሽ አገር ጥለሽ ልትሄጂ ነው? እኒህን አሮጊት ትተሽ?»

«ምን ብዬ ልናገር አያ አራጌ! አደራ ነው! የእርስዎን አደራ ከቤቴ ያውጡልኝ ልበል?»

«የማን አደራ?»

«የእርስዎ!»

አያ አራጌ ቁጣቸው ረገበ። እጃቸውን ከአንዱ ጆንያ ላይ አሳረፉ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «እኔ ሜዳ ላይ ጉድጓድ እያለኝ፣ አሥር ጉድጓድ ልቆፍር ብል መሬት እያለኝ፣ እህሌን ከተማ አምጥቼ የማስቀምጠው ምን ነክቶኝ ነው? አላሰብሽውም?»

ራዊያ አላሰበችውም ነበር።

«ያን ጊዜ ከቤታችን ወጥታችሁ ወደ ቆቦ ስትመለሱ ታንጉት ከኋላችሁ ቆማ አንድ ነገር አለች። ‹እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ከተማ ነው፤ ከተማ ጉድጓድ የለው። ነገ መንገድ ቢዘጋ ምን ይቀምሳሉ?› አለች። ከዚያ ዝናቡ ዓመት ዓመቱን አስጨነቀን፤ የራሳችንም አልበቃ አለ። ዘንድሮ እግዜር ሲሰጠን ከአውድማው መጀመሪያ የተነሣው ይሄ ነው። የኔ አይደለም፤ የአንቺና የእናትሽ ነው።»

«አያ አራጌ…»

«ቆይ ልጨርስ። በስጦታ ባመጣው ትቀበይኝ ነበር?»

ራዊያ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«አትቀበይም። ቲማቲም ብንልክ በዘይት የምትመልሽ ሰው! ስጦታ አንቺ ዘንድ አያድርም። አደራ ግን ባለቤቱ ካልመጣ አይመለስም። እኔ ደግሞ የምመጣ አልነበርኩም።»

ራዊያ አለቀሰች። ለዓመታት ውለታውን በምን ልመልስ ስትል የኖረችው ሴት፣ ይኸው አንድ ቀን እንኳ አደራ ጠበቅሁላቸው ብላ የተጽናናችበት ነገር ራሱ ሌላ ውለታ ሆኖ ተገኘ። ከመጋረጃው ወዲያ ተስቢህ መቁጠሩ ቆመ። እማማ ኡሙሰልማ መጋረጃውን ገልጠው፣ ግድግዳውን ይዘው ቆሙና «አላህ ከልጅ ልጅ ያኑርህ፣ አላህ እርሻህን አይንሳህ፣ ታንጉትንም ጤና ይስጣት» እያሉ መረቁ። አያ አራጌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «አሜን፤ አሁን ያችን በረሮ አውጧት» አሉ።

ባጃጅ ነጂው ጥፋቱን በጀርባው ከፈለ። በድረዲን ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ ወዲያኛው ጥግ አዞረ፤ አያ አራጌ ቆመው አደረደሩን ያርማሉ። ራውተሩ ወጣ። ዳንቴሉ አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ራውተሩም ለመንካት እስኪያስቸግር ግሏል። ራዊያ ዳንቴሉን ስትገፍፍ እናቷን በስርቆት አየቻቸው።

«ግፈፊው» አሉ እማማ ኡሙሰልማ። «ሲሞቀው የማያወልቅ ማን አለ።»

ዘካሪያስ ከወልድያ በስልክ ይመራል። ገመዱ ተሳበ፤ ራውተሩ በፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከስክሪኖቹ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ሰርቨሩን ጅዳ ላይ ልመልሰው ይሆን ብላ ብትጠይቀው «ፍራንክፈርትን እንዳትነኪያት፤ አሁን ደግሞ እሷን አደራ!» ብሎ ጮኸባት።

በድረዲን ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። አያ አራጌም ወደ አግዳሚያቸው ተመለሱ። ኳሷ ከመሐል ተነሣች፤ ወደ ክንፍ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ማንም አልደረቀም። በድረዲን መታ።

«ጎል!» ብሎ ሲጮህ ውጭ መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩ።

«ማን ላይ ነው ያገባኸው?» አሉ አያ አራጌ።

«እንጃ፤ የማላውቀው ሰው ነው። የት አገር እንዳለም አላውቅም።»

«አይዞህ በለው» አሉ አያ አራጌ፣ ላሸነፈውም ለተሸነፈውም ደስ ብሏቸው።

ፓስፖርቱ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ደንበኛውም ከመናኸሪያው በኩል ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፤ እፍረት ያለበት ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ ይገባል። ራዊያ የአንዱን ጆንያ ቋጠሮ ፈታች። ከሱ እያነሣች በገበያ ቀን ትልቅ ድስት የማሽላ ንፍሮ ትጥዳለች፤ የተሸነፈም ያሸነፈም ከዚያ ይዘግናል። አያ አራጌም ሲመጡ ይዘግናሉ፤ ጨው አንሶታል ብለው ይፈርዳሉ።

ሌሎቹም ተራ በተራ መፈታታቸው አይቀርም። አንዱን ጆንያ ብቻ፣ ከሁሉ የሞላውን፣ ለብቻው በር አጠገብ አቁማዋለች። በአያ አራጌ ቋጠሮ እንደ ታሰረ ነው። ዘካሪያስ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ፍጥነቱን ሲለካ እግሩ መታውና «ይሄን ደግሞ ምን አገናኘው እዚህ?» አላት።

«አደራ ነው» አለችው።

«እንደገና! የአያ አራጌ?»

«አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ራዊያ በተከፈተው በር ወደ አውራ ጎዳናው አየች። ከሮቢት በኩልም ከአላማጣ በኩልም ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሻንጣ ይዟል፣ አንዳንዱ ሽማግሌ ደግፏል።

«ባለቤቱ ገና አልመጣም» አለች።